ከልዑሉ ይልቅ ከመጀመሪያ ባሏ ጎን

የ12 ዓመት ልጅዎ ድንገት «አግብቻለሁ» ብትልዎ ምን ይሰማዎታል? በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ያደገችው ጆአን በዚያ ዕድሜዋ በድብቅ አግብታ ነበር፤ ነገሩ በይፋ እስኪወጣ ድረስ ግን ዓመታት አለፉ።

ጆአን ተራ ልጅ አልነበረችም። አባቷ ኤድመንድ የንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ልጅ ነው። በ1330 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በክህደት ተከሶ ሞት ተፈረደበት። የንጉሥ ልጅን አንገት ለመቁረጥ የሚደፍር ሰው ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ዋለ። በመጨረሻ ምሕረት የተገባለት አንድ የሞት ፍርደኛ ቀላው። ጆአን ያኔ ገና ሕፃን ነበረች፤ ያሳደገቻትም የኤድዋርድ 3ኛ ሚስት ንግሥት ፊሊፓ ናት።

በ1340 ቶማስ ሆላንድ የሚባል፣ ዕድሜው የእሷን እጥፍ የሚሆንና ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌለው የጦር ሰው በድብቅ አገባት። በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ማግባት ትችላለች። ቄስ ባይኖር እንኳ ሁለቱ በፈቃዳቸው ቃል ከተለዋወጡ ጋብቻው ይጸናል። ዛሬ ቢሆን ሆላንድን የሚጠብቀው ወህኒ ቤት ነው፤ ስለዚህ ይህን የፍቅር ታሪክ ብዬ ላሞካሽልዎ አልችልም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ሆላንድ ወደ ጦርነት ሄደ። ቤተሰቧ ደግሞ የሳልዝበሪ ባላባት ልጅ ለሆነው ለዊልያም ሞንታጉ ዳሯት። አንዲት ልጅ፣ ሁለት ባል! ሆላንድ ቢመለስም ከታላላቆቹ ቤተሰቦች ጋር የሚሟገትበት ገንዘብ አልነበረውም። ዕድሉ የተቃናው በ1346 ነው፤ ካን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ አንድ ትልቅ የፈረንሳይ መኮንን ማረከና ምርኮኛውን ለንጉሡ በ80,000 ፍሎሪን ሸጠ። በዚያ ገንዘብ ጉዳዩን አቪኞን ድረስ፣ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 6ኛ አቀረበ። ጆአን ጠበቃ እንዳታቆም ተዘግቶባታል ሲልም አመለከተ። በመጨረሻ ጠበቃ ስታቆም የደገፈችው ሆላንድን ነበር። በኅዳር 1349 ተፈረደላቸው፤ ሞንታጉ ሌላ ሚስት ፈለገ።

ከሆላንድ ጋር ልጆች አፈራች፤ ወንድሟ ሲሞት የኬንትን ርስትና ማዕረግ ወረሰች። በ1360 ባሏ ሞተ።

ባሏ በሞተ በዓመቱ አገሩን ያስደነቀ ነገር ተሰማ። የአልጋ ወራሹ ልዑል ኤድዋርድ፣ በኋላ «ጥቁሩ ልዑል» የተባለው ዝነኛ የጦር ሰው፣ ከውጭ አገር ነገሥታት ልጅ ማግባት ሲችል የልጆች እናት የሆነችውን መበለት መረጠ። አሁንም ቃል የተለዋወጡት በድብቅ ነው። አባቷና የልዑሉ አያት በአባት የሚገናኙ ወንድማማቾች ስለነበሩ የጳጳሱ ፈቃድ አስፈለገ። ፈቃዱ ተገኘ፤ ጥቅምት 1361 በዊንዘር ተጋቡ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ትልቁ በሕፃንነቱ ሞተ። በ1376 ልዑሉ ሳይነግሥ ሞተ፤ በዓመቱም ትንሹ ልጅ ሪቻርድ በ10 ዓመቱ ነገሠ።

በቤተሰብ ውስጥ የሁለት አባት ልጆች ካሉዎት ቀጣዩ ልብዎን ይነካዋል። በ1385 ከሆላንድ የወለደችው ጆን፣ ራልፍ ስታፎርድ የተባለ የባላባት ልጅ ገደለ። ንጉሥ ሪቻርድም የእናቱን ልጅ በሕግ እቀጣለሁ ብሎ ቆረጠ። አንዱ ልጇ ፈራጅ፣ ሌላው ተከሳሽ። ጆአን ለመነች፣ ተማጸነች፤ ንጉሡ ግን አልሰማትም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዐረፈች። ሪቻርድ ወንድሙን ማረው፤ ይቅርታው ግን የመጣው እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ልዑሉ የተቀበረው በካንተርበሪ ካቴድራል ነው፤ በሕይወት ሳለም እዚያ ለእሷ የጸሎት ቤት አሠርቶላት ነበር። እሷ ግን በኑዛዜዋ ስታምፎርድ ውሰዱኝ አለች፤ ከቶማስ ሆላንድ ጎን። እንዳለችውም ተደረገ።