ልጃችሁ አሮጌ ጂፕ ገዝቶ ከፍ ሊያደርግ ሲነሳ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ጎማና ስለ ከፍታ እወቁ

በየቤቱ እየዞረች የደም ግፊት የምትለካ ነርስ ስለ ጂፕ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። እዚህ አሽቀሎን ከሠራዊት ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ አሮጌ ጂፕ የሚገዙ ልጆች አሉን። ሱዙኪ ጂምኒ፣ ሚትሱቢሺ ፓጄሮ፣ ጂፕ ቸሮኪ ወይም የድሮ ላንድ ክሩዘር ይገዛሉ። መኪናው ገና ግቢ ሳይገባ፣ «ከፍ ላድርገው፣ ትልልቅ ጎማም ላስገባለት» ይላሉ። ለዚህ ብድር ያስፈልጋል፤ ለብድሩ ደግሞ ዋስ፣ በዕብራይስጡ ዓሬቭ፣ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አባት ወይም እናት ነው። በዚያው ጂፕ ወደ ኩፓት ሆሊም የምትወሰደውም አያት ናት። ፊርማውም ጉልበቱም የእናንተ ከሆነ፣ የሚደረገውን ነገር ማወቅ ይገባችኋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን የጎማ ቁጥር ማንም ሰው በሂሳብ ሊፈትሸው የሚችል ነገር ነው፤ ለዚያ የመካኒክ ትምህርት አያስፈልግም።

ከፍታው ከየት ይመጣል?

አንድ ጂፕ ከመሬት የሚርቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ረዘም ያለ ሞላ ወይም ባሌስትራ በማስገባት ነው፤ ልጆቹ ይህንን በዕብራይስጥ ሀግባሃ ይሉታል። ሁለተኛው ትልቅ ጎማ በማስገባት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም።

በጂምኒና እሱን በመሰሉ መኪኖች የግራና የቀኝ ጎማ በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ናቸው። ዲፈረንሻሉ የተቀመጠው በዚያ ብረት ላይ ነው። ረዥም ሞላ ሲገባ የመኪናው አካል ከፍ ይላል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ድንጋይ ቀድሞ የሚመታው ደግሞ ዝቅ ያለውን ዲፈረንሻል ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው። የሞላው ሥራ ትልቁ ጎማ መሪ ሲዞርና መኪናው ሲዘል ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ቦታ መስጠት ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ለምን ዓይነት መንገድ እንደሚፈለግ መወሰን፣ ቀጥሎ የሚያስፈልገውን አነስተኛውን የጎማ መጠን መምረጥ፣ በመጨረሻ ለዚያ ጎማ የሚበቃውን ያህል ብቻ ከፍ ማድረግ። ብዙ ልጆች በተቃራኒው ከከፍታው ይጀምራሉ፤ ገንዘቡም እዚያ ላይ ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌ መኪና ሞላው ስለደከመ ብቻ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካው ልክ የተሠራ አዲስ ሞላና አዲስ አሞርቲዛተር ሲገባለት የጠፋው ከፍታ ይመለሳል። በዚያ የሚበቃው ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህም ምንም ዓይነት ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም።

የጎማውን ቁጥር ማንበብ

ከ1998 እስከ 2018 የተሠራው ጂምኒ በብዛት ከፋብሪካ የሚወጣው 205/70 አር 15 በሚል ጎማ ነው። 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎማው ጎን ቁመት ነው፤ ይኸውም ከስፋቱ መቶ እጅ ሰባው ማለት ነው። 15 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው።

እንደምር። 205 ሲባዛ በ0.70 143.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ስናባዛው 287 ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊሜትር ነው። ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 668 ሚሊሜትር ሆነ።

ልጃችሁ ሊያስገባ የፈለገው 235/75 አር 15 ቢሆን፣ በዚሁ ሂሳብ ቁመቱ 733.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 65.5 ሚሊሜትር ነው። ዲፈረንሻሉ የሚያተርፈው ግን የዚህን ግማሽ፣ 3.3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ግማሽ ከላይ ነው የሚሄደው። የሚከፈልበት ዋጋ ደግሞ ይህ ነው፦ ጎማው በአንድ ዙር ወደ መቶ እጅ አሥር ይበልጥ ስለሚሄድ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል። ሰዓቱ 90 ሲያሳይ መኪናው ወደ 99 እየሄደ ነው። ቅጣቱ ሲመጣ «ሰዓቱ 90 ነበር የሚያሳየው» ማለት አያድንም። የጂምኒው 1.3 ሊትር ሞተር ከባዱን ጎማ ለማዞር ይደክማል፤ ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ይበዛል፤ ቤንዚንም ይጨምራል። ፍሬኑም ለትንሹ ጎማ የተሠራ ስለሆነ መኪናውን ለማቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል።

መካከለኛው መንገድ 215/75 አር 15 ነው። ቁመቱ 703.5 ሚሊሜትር፣ ትርፉ 1.8 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የፍጥነቱ ስህተት ደግሞ ወደ መቶ እጅ አምስት ነው። ከቤት ወደ ሥራ እየሄደ በሻባት ማግስት አንድ ቀን ጠጠር መንገድ ለሚወጣ ልጅ ይህ ብዙ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ፣ ለምሳሌ 96 ኤስ የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 96 አንዱ ጎማ እስከ 710 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን ኤስ ደግሞ እስከ 180 ኪሎሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው። አዲሱ ጎማ በጭነትም በፍጥነትም ከተፈቀደው ማነስ የለበትም።

የጎማው ዕድሜ

በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ሳጥን ውስጥ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሮጌ ጂፕ ግቢ ውስጥ ብዙ ይቆማል፤ ስለዚህ የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በጎሚስታ ማስፈተሽ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መለወጥ ትልልቅ የጎማ ፋብሪካዎች የሚመክሩት ነው። «ያገለገሉ ግን እንደ አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ትልቅ ጎማ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

የአየሩም መጠን እንደዚሁ ነው። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጎማዎችን ከአሜሪካ ገበያ ሰብስቧል። ብዙዎቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር ጂፖች ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ላይኛ ሽፋን በሩጫ ላይ ይላጥና ረዥሙ መኪና ይገለበጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞቷል። በምርመራው ከተነሱት ምክንያቶች ሙቀትና የአየር ማነስ ይገኙበታል። አሸዋ ላይ ሲነዱ አየር መቀነስ የታወቀ ዘዴ ነው፤ እንዲያውም ለስላሳ አሸዋ ላይ ከከፍታው ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ሳይሞሉ መንዳት ግን ጎማውን ያቃጥለዋል። ኮምፕረሰር ያልገዛ ልጅ አየር ማውረድ የለበትም።

ከፍ ሲል ምን ይለወጣል?

ሞላው ሲረዝም ከሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ይዛባል። የፍሬን ላስቲኩ ይወጠራል። የፊቱ ጎማ ማዕዘን ስለሚለወጥ መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ ይላል። ክሮቸራው ጠምዘዝ ብሎ ስለሚዞር መንቀጥቀጥ ይመጣል። የፊት መብራቱ ወደ ላይ ተነስቶ በተቃራኒ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ጥሩ ጋራዥ እነዚህን ሁሉ አብሮ ያስተካክላል፤ ርካሹ ጋራዥ ሞላውን ለውጦ ይሸኛል። ዋጋ ሲጠየቅ «ከዚህ ሂሳብ ውስጥ የፍሬን ላስቲክ፣ አሞርቲዛተር፣ የመሪ ማስተካከያና መብራት አለበት ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ከሁሉ የሚከፋው መገልበጥ ነው። መሐንዲሶች የመኪናውን አለመገልበጥ የሚለኩት በቀላል ሂሳብ ነው፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። ለምሳሌ የጎማው ርቀት 136 ሳንቲሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 68 ሳንቲሜትር ቢሆን መልሱ 1.0 ነው። ማዕከሉ ወደ 75 ከፍ ሲል መልሱ 0.91 ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው በድንገተኛ መታጠፍ ቶሎ ይገለበጣል። በ1988 የአሜሪካው የሸማቾች መጽሔት ኮንሲዩመር ሪፖርትስ፣ የጂምኒ ታላቅ ወንድም የሆነውን ሱዙኪ ሳሙራይ በዚሁ ምክንያት «ተቀባይነት የለውም» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሱዙኪ ክሱን አልተቀበለም፤ በ1996 መጽሔቱን ከሰሰ፤ በ2004 ተስማሙ። ክርክሩ ስለ ፋብሪካው ከፍታ መሆኑን ልብ በሉ። በላዩ ላይ ከፍታ ሲጨመርበት ነገሩ ይባስ ይሆናል።

ከጎንደር በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ይህንን ያለ ሂሳብ ያውቀዋል። እዚያ ሹፌር የሚመሰገነው በዝግታው ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

በሪሻዮን ሬኸቭ ላይ ለመኪናው የተፈቀደው የጎማ መጠን ተጽፏል። የመኪናውን አሠራር መለወጥ የምስራድ ሃታኽቡራን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለውጡም በመኪናው ወረቀት መመዝገብ አለበት። ፈቃድ የሌለው ለውጥ ቴስት ላይ ሊጥል ይችላል፤ ፖሊስም መኪናው እንዳይነዳ ማዘዝ ይችላል።

ኢንሹራንሱን አትርሱ። ቢጡዋኽ ሆቫ በአደጋ ለተጎዳ ሰው አካል የሚከፍል ነው። ማኪፍ ደግሞ ለመኪናው ነው። ለኩባንያው ሳይነገር ከፍ የተደረገ መኪና አደጋ ቢደርስበት፣ ኩባንያው ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። ብድሩ ግን አይቀነስም። መኪናው ተሰባብሮ ቆሞ ዋሱ በየወሩ ይከፍላል።

አንድ ነገር ለልጆቹ ንገሩልኝ። «ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ልነዳው ነው» የሚል ካለ፣ በ1997 በወጣ ሕግ በእስራኤል በባሕር ዳርቻ ላይ መኪና መንዳት ክልክል ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ያለው የኒጻኒም አሸዋም የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ ነው። የተፈቀደው ምልክት ባለው መንገድ ብቻ ነው፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ ደህና ጎማ ላለው፣ ከፍ ላልተደረገ ጂፕ ያልፋል።

አሁን ወደ ሥራዬ

ሞላው 5 ሳንቲሜትር፣ ጎማው 3.3 ሳንቲሜትር ቢጨምሩ መውጫው ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ይላል። ለ22 ዓመት ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ጉልበቷን ለሚያማት፣ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ወስዳ ራሷን ለሚያዞራት እናት ግን የመውደቂያ ቦታ ነው። አጥንት ሲሳሳ ደግሞ ከባድ ሞላ የሚሰጠው ንረት ለወገብ አከርካሪ አይበጅም። ጂፑ ቤተሰብ የሚጭን ከሆነ መረገጫና መያዣ እጀታ ቀድሞ ይገጠምበት። አዛውንት ሲገቡ መጀመሪያ ጀርባ ሰጥተው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከዚያ እግር ማስገባት ይሻላል፤ ሲወርዱ ሰው ከፊት ይቁምላቸው።

ሕፃናትንም እዩ። የመኪናው አፍንጫ ከፍ ባለ መጠን ሹፌሩ ከፊቱ የቆመ ትንሽ ልጅ አያይም። ግቢ ውስጥ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ዙሪያውን ይይ።

ከመፈረማችሁ በፊት

መኪናው ከመገዛቱ በፊት ማኾን ብዲካ ይግባ። እኛ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የጨው አየር ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ሻንሲው ሥር ዝገት መኖሩን በተለይ አስፈትሹ። የዛገ ሻንሲ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይውጣ፦ በመጀመሪያ ፍሬንና መሪ፣ ሁለተኛ ዕድሜው አዲስ የሆነ በሪሻዮኑ የተፈቀደ ጎማ፣ ሦስተኛ በፋብሪካው ልክ ሞላና አሞርቲዛተር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከተረፈና ፈቃድ ከተገኘ ስለ ከፍታ ይነገር።

ከፍ ተደርጎ የተሸጠ ጂፕም ቢሆን አንድ ፍተሻ ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ሪሻዮኑን በእጃችሁ ያዙ፣ ጎንበስ ብላችሁ የአራቱንም ጎማ ቁጥር አንብቡ፣ መጠባበቂያውንም አትርሱ። ወረቀቱና ጎማው አንድ ካልሆኑ ብዕሩን አታንሱ። ልጃችሁ ቅር ይለው ይሆናል፤ ቅሬታው ያልፋል። ዓሬቭ ሆኖ የተፈረመ ፊርማ ግን ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል።