ቫይረስም ደጋና ቆላ ይለያል

ባለፈው ክረምት ከዘመድ ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ሳለ ክርክር ተነሣ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሲያስል የሰነበተውን የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈው፣ «ያለ ኮፍያ ወጥቶ ብርድ መታብኝ» አሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ታላቅ እኅቱ ቀበል አድርጋ፣ «እማማ፣ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ እንጂ በብርድ አይደለም፤ ይኼ ያገር ቤት ወሬ ነው» አለቻቸው። አሮጊቷ ዝም አሉ። ለዓመታት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከቫይረስ ጋር የዋልሁ ሰው በመሆኔ ፍርድ ስጥ ተባልሁ። እኔም ሁለቱንም ላለማስቀየም አድበስብሼ አለፍሁ። ልንወጣ ስንል ደግሞ እናትየዋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለፋሲካ አገር ቤት ልገባ ነው፤ ለዚያች ለቢጫ ካርድ ብለው ሕያው ቫይረስ ይወጉኛል አሉ፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ቫይረስ ብቻውን ሲሆን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። የራሱ ጓዳ የለውምና የሚራባው ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ በሴሉ እህልና እሳት እየተጠቀመ ነው። ስለዚህ ዕድሉን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ሁለቱ ዋነኞች ናቸው፤ የገባበት ሴል ዓይነትና የቤቱ ሙቀት። ገበሬያችን ገብሱን ለደጋ፣ ማሽላውን ለቆላ እንደሚለይ ሁሉ ቫይረስም የሚስማማው አየር አለው።

የሰው ልጅ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንላለን። ይህ ግን ለውስጥ ሰውነታችን ነው። አፍንጫችን በሚስበው አየር ስለሚቀዘቅዝ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አፍንጫ ደጋ፣ ሳንባ ቆላ ነው ማለት ይቻላል። ጉንፋንን በብዛት የሚያመጣው ሪኖቫይረስ የደጋ ሰው ነው። በ33 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይራባል፤ በ37 ይደክማል።

ለምን? ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የቫይረሱ የራሱ ጠባይ ብቻ ይመስለን ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ግን የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአይጥ የመተንፈሻ አካል ሴሎችን ወስደው፣ ገሚሱን በ33፣ ገሚሱን በ37 ዲግሪ አቆይተው በሪኖቫይረስ በከሏቸው። በ37 ዲግሪ ያሉት ሴሎች ኢንተርፌሮን የተባለውን የማንቂያ ደወል በብርቱ ደወሉ፤ በ33 ያሉት ደወል ግን የደከመ ነበር። ይህ የማንቂያ መንገድ በዘረ መል የጎደላቸው ሴሎች ሲበከሉ ቫይረሱ በ37 ዲግሪም ተራባ። እንግዲህ ብርዱ ቫይረሱን ማመቻቸት ብቻ ሳይሆን ዘበኛውንም ያስተኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውና፦ ልጅቷ እውነት አላት፤ ቫይረሱ ከሌለ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም። አያቷም ተረት አላወሩም፤ የቀዘቀዘ አፍንጫ ለቫይረሱ የተመቸ ማሳ ነው። እኛ የተማርን ነን ባዮች የእናቶቻችንን ቃል ከመሳቃችን በፊት መርምረነው ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ቀድመን በጠየቅን ነበር።

አሁን ወደ ሴሉ ዓይነት ልለፍ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሴል ውስጥ የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ካለው ሳያሊክ አሲድ ከተባለ ስኳር ጋር ተጣብቆ ነው። ስኳሩ የተያያዘበት መንገድ ግን በወፍ አንጀትና በሰው አፍንጫና ጉሮሮ አንድ ዓይነት አይደለም። የወፉ ቫይረስ የያዘው ቁልፍ ለኛ የላይኛው መተንፈሻ በር በደንብ አይገጥምም። በሩን ቢያልፍ እንኳ ሌላ ፈተና አለበት፤ 41 ዲግሪ ገደማ ከሆነው የወፍ አንጀት ወጥቶ 33 ዲግሪ ወደሆነው አፍንጫችን መግባት ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ጉና ተራራ ላይ እንደ ማደር ነው። ከቫይረሱ ማባዣ ፕሮቲኖች በአንዱ ላይ፣ በ627ኛው ቦታ፣ አንዲት አሚኖ አሲድ ከግሉታሚክ አሲድ ወደ ላይሲን ስትለወጥ ግን ብርዱንም የኛንም ሴል ይለምዳል። በ2024 በአሜሪካ የወተት ላሞች መካከል የወፍ ጉንፋን ሲዛመት ከበሽተኛ ላም በተያዘ አንድ የቴክሳስ ሠራተኛ ላይ ይህችው ለውጥ ታይታለች። የብዙዎቹ ሠራተኞች ሕመም የዓይን መቅላት መሆኑም ድንገተኛ አይደለም፤ በዓይናችን ገጽ ላይ የወፉን ዓይነት ስኳር የያዙ ሴሎች አሉ።

ወደ ቢጫዋ ካርድ ልመለስ። ቢጫ ወባ ለኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ 30,000 ያህል ወገኖቻችንን እንደፈጀ ይገመታል። በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ዳግም ታይቷል። ይህም ቫይረስ የሙቀት ተገዢ ነው። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ቫይረሱ በውስጧ ተራብቶ ምራቋ እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልገዋል። በ1932 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው ይህ ጊዜ በ37 ዲግሪ 4 ቀን ያህል ሲሆን በ21 ዲግሪ ወደ 18 ቀን ይረዝማል። በብርድ አገር ቫይረሱ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ለተጓዦች የሚሰጠው ምክር ከ2,300 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ ለይቶ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር ግን ይህ መስመር ባለበት ይቆያል ብሎ መተማመን የዋህነት ነው።

ክትባቱስ? ደቡብ አፍሪካዊው ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ፣ በ1927 ከአንድ ጋናዊ ደም የተወሰደውን ገዳይ ቫይረስ መጀመሪያ በአይጥ ሽል፣ ከዚያ በዶሮ ሽል፣ በመጨረሻም አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በወጣለት የዶሮ ሽል ሴል ከመቶ ጊዜ በላይ አመላለሱት። ቫይረሱ የዶሮውን ቤት ሲለምድ የሰውን ጉበት የማጥፋት ኃይሉ ከዳው፤ በትንኝም መተላለፉን ተወ። 17ዲ የሚባለው ክትባት በ1937 እንዲህ ተወለደ። ታይለርም በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እናቴ ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው። አዎን፣ የሚወጉት ሕያው ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን ባዕድ ቤት አድሮ የክፋት ሙያውን የረሳ ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው ከ60 በላለፈና የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች ላይ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ብርቱ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ለሐኪምዎ ነግረው አብረው ይወስኑ። አንዴ ከተከተቡ ካርዷ ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ታገለግላለች። መርፌውን ሳይወጉ ካርዷን ብቻ አገኛለሁ የሚል ሰው ግን ወረቀት ትንኝን እንደማይከላከል ይወቅ።

ልጁንም ኮፍያ ያድርጉለት። እኅቱም እጁን ታስታጥበው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።