ነበልባል የሌለው ነዳጅ

«ነዳጅ» የሚለው ስም «ነደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ወደደ» ብሎ «ወዳጅ» እንደሚል ማለት ነው። ከእንጦጦ ጋራ ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ ሲወርዱ ለኖሩ እናቶች ቃሉና ነገሩ አንድ ነበሩ፤ ባሕር ዛፉ ይነድዳል፣ ይጨሳል፣ አመድ ይሆናል። የዩራኒየም ነዳጅ ግን አይነድም። ሙቀት የሚሰጠው የአቶሙ አስኳል ሲሰነጠቅ ስለሆነ ነበልባልም ጢስም የለውም። ስሙን ያገኘው በአገልግሎቱ እንጂ በጠባዩ አይደለም።

ይህ ነዳጅ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ከተባለ ውህድ ነው። የተለመደው አሠራር የውህዱን ዱቄት ጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት ማጠንከር ነው። በሩሲያ፣ በዲሚትሮቭግራድ ከተማ የሚገኘው የአቶም ሪአክተሮች ምርምር ተቋም ግን ውሃ የማይገባበት ሌላ ዘዴ አዳብሯል፤ ይኸውም የቅልጥ ጨው ኤሌክትሮሊሲስ ነው። ኢትዮጵያ በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በአቶም ኃይል ለሰላማዊ አገልግሎት ለመጠቀም ከሩሲያ ጋር ስለተፈራረመች፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

ኤሌክትሮሊሲስ ማለት ውህድን በኤሌክትሪክ ኃይል መለያየት ነው። ደረቅ የገበታ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ አዮኖቹ በየቦታቸው ታስረዋልና። በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ግን ነፃ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። በሾላ ገበያ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ድስት እንኳ የዚህ ዘዴ ዘመድ ነው፤ አሉሚኒየም ከኦክሳይዱ የሚለየው ክሪዮላይት በተባለ ቅልጥ ጨው ውስጥ በኤሌክትሪክ ነውና።

የዩራኒየሙ ሥራ እንዲህ ይካሄዳል። የገበታ ጨው ቶሎ እንዲቀልጥ ከሲዚየም ክሎራይድ ጋር ይቀላቀልና ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ዩራኒየም ዳይኦክሳይዱ ተጨምሮ የክሎሪን ጋዝ ሲነፋበት በቅልጡ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በአሉታዊው ዘንግ ላይ ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ በአዎንታዊው ዘንግ ደግሞ ክሎሪን ይወጣል። ቅርፊቱ ተፈቅፍቆና ተፈጭቶ በብረት ቱቦ ውስጥ ይጨመራል፤ እህል ሰፋሪ ቁናውን ነቅነቅ ሲያደርገው እህሉ እንደሚጠጋጋ ሁሉ፣ ቱቦውም እየተንቀጠቀጠ ይጠቀጠቃል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ነዳጅ ቦር-60 በተባለው ሪአክተር ውስጥ ሠርቷል።

ውሃን ማስወገድ ለምን አስፈለገ? ውሃ ኒውትሮኖችን ስለሚያዘገይ፣ ባልተፈለገ ስፍራ የአስኳል ስንጠቃ እንዲቀጣጠል ሊያግዝ ይችላል። ቅልጥ ጨው ይህን አደጋ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ትኩስ ክሎሪን ብረትን ስለሚበላ ማቅለጫው ከግራፋይት ይሠራል። ደግሞም አገልግሎት የሰጠ ነዳጅ በዚህ ዘዴ ሲታደስ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሙሉ በሙሉ አይለዩለትም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከወፍራም ግድግዳ ኋላ ቆሞ በመካኒካል እጅ ብቻ ይነካዋል።