ኮሪያ ሄጄ እየሠራሁ እማራለሁ ለምትሉ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኮሪያ ከገባሁ በኋላ እየሠራሁ የትምህርት ክፍያዬን መሸፈን እችላለሁ?» አጭሩ መልስ አትችሉም ነው። ፓርት ታይም ምግብ ያበላችኋል፣ የስልክና የትራንስፖርት ይሸፍናል፣ ከበረታችሁም የቤት ኪራይ ይከፍላል። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ግን ከዚያ አይወጣም። «ዝም ብለህ ሂድ፣ እዚያ ሠርተህ ራስህን ትችላለህ» የሚላችሁ ኤጀንት ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ወረቀት ላይ እንዲሠራላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ እኔ ልሥራላችሁ።

በ2026 የኮሪያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 10,320 ዎን ነው። ወደ ብር ሲመነዘር በሰዓት ከሺህ ብር በላይ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ደሞዙን በብር ያስባል፣ ኪራዩንና ምሳውን ግን በዎን ይከፍላል። አሁን የቋንቋ ፈተና ያለፈ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንውሰድ። ክፍል ባለበት ወቅት በሳምንት 25 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፤ እስከ 2023 ድረስ 20 ብቻ ነበር። 25 ሰዓት በሳምንት 258,000 ዎን ነው። ሴሚስተሩን 16 ሳምንት ብንለው 4,128,000 ዎን ይመጣል። የብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ከ4 ሚሊዮን ዎን በላይ ነው፣ ኢንጂነሪንግ ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ አራት ወር ሙሉ ምንም ሳትበሉና ቤት ሳትከራዩ ብትሠሩ ክፍያውን ብትደርሱበት ነው። በዚያ ላይ ከመጋቢት 2021 (በፈረንጆች) ጀምሮ የውጭ ተማሪ ሁሉ የጤና መድን ውስጥ ገብቷል፤ በየወሩ ከ70 ሺህ ዎን በላይ ይቆረጣል፣ ታመማችሁም አልታመማችሁም።

«የቋንቋ ፈተና ያለፈ» ያልኩትን አትዝለሉት። ፈተናው ቶፒክ ይባላል፣ ስድስት ደረጃ አለው። አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ከሆናችሁ ደረጃ 3፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ደረጃ 4 ይጠየቃል። ደረጃው ለሌለው የሚፈቀደው በሳምንት 10 ሰዓት ነው። ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ያላችሁ ደረጃ 4 ካላችሁ 30 ሰዓት፣ ከሌላችሁ 15። ደረጃውን ላሟላ የዲግሪ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓላትና የዕረፍት ወራት ከዚህ ገደብ ውጭ ናቸው። ዲግሪ ሳይሆን ቋንቋ ብቻ ለመማር በዲ-4 ቪዛ የምትመጡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ሥራ የሚባል ነገር እርሱት።

ፈቃድ ሳያወጡ መጀመር የሚባለውን ወሬ ባትሰሙት ይሻላል። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው» የሚላችሁ ሰው እናንተ ስትያዙ ቅጣቱን አይከፍልላችሁም፤ ነገሩ ከከፋ ከአገር እስከ መውጣት ይደርሳል። አሠራሩም ያን ያህል አያስፈራም። አሠሪው የሥራ ውልና የንግድ ምዝገባውን ኮፒ ይሰጣችኋል፣ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ውጤታችሁንና ክፍል መከታተላችሁን አይቶ ፎርሙ ላይ ይፈርማል፣ ከዚያ ሃይኮሪያ በሚባለው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ማስገባት ወይም ቢሮው በአካል መሄድ ነው። የሥራ ቦታ ስትቀይሩ ይህንኑ እንደገና። ወረቀቱን ለመስጠት የሚያቅማማ አሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዛሬ ወረቀት የነፈገ ነገ ደሞዝ ይነፍጋል።

ሥራው ምን ይመስላል? አብዛኞቻችን የምንገባው ወይ ምግብ ቤት ወይ 24 ሰዓት ክፍት የሆኑት ሱቆች ውስጥ ነው። ሱቁ ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው፤ ባርኮድ ማስነበብ፣ ካርድ መቀበል፣ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ማለት። ጉዱ ከጀርባችሁ ያለው የሲጋራ መደርደሪያ ነው። ስማቸውም ቀለማቸውም የሚመሳሰል ፓኬቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። አንድ አባት ይገቡና የአንዱን ስም ግማሹን ውጠው ግማሹን በጎርናና ድምፅ ጣል ያደርጋሉ። እናንተ ዞራችሁ ጣታችሁን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስታንከራትቱ ከኋላቸው ሰው ይሰለፋል። ወጣት ከመሰለ ደግሞ መታወቂያ መጠየቅ ግድ ነው፤ ለአካለ መጠን ላልደረሰ መጠጥ ወይም ሲጋራ መሸጥ መዘዙ ብዙ ነው። ሌሊት ላይ የጭነት መኪናው ይመጣል፤ ካርቶን ማውረድ፣ ቀኑ የቀረበውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ ማድረግ። ቀኑ ያለፈበትን ሳምጋክ ኪምባፕ፣ ያችን ባለ ሦስት ማዕዘን የሩዝ ጥቅል፣ ሠራተኛው እንዲበላው የሚፈቅዱ ባለ ሱቆች አሉ። የስንቱ ተማሪ ቁርስ እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው። ውስጡን ግን አንብቡ፣ የአሳማ ሥጋ ያለበት ብዙ ነው።

ምግብ ቤት ከገባችሁ ይኸው ጉዳይ ይከተላችኋል። ብዙው ሥራ ያለው ሳምግዮፕሳል ቤት ነው፤ የአሳማ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ እየተጠበሰ የሚበላበት ማለት ነው። ብዙ ባለቤቶች ለሠራተኛ ምግብ ያቀርባሉ፣ የሚያቀርቡትም ያንኑ ነው። የመጋቢት ሴሚስተር የሚከፈተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ሙስሊም ብትሆኑም ኦርቶዶክስ ብትሆኑም የማትበሉትን ለሳጃንግኒም፣ ለባለቤቱ ማለት ነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። በኋላ ሰሃን እየገፉ ሰበብ ከመደርደር በጣም ይሻላል። ኪምቺም አትመኑ፤ አብዛኛው የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባበታል።

ስለ ክፍያ ሁለት ነገር ልጨምር። በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ በውል የሚሠራ ሰው ሳምንቱን ሳይቀር ከሠራ የአንድ ቀን የዕረፍት ክፍያ ይጨመርለታል፤ ጁህዩ ሱዳንግ ይባላል። 14 ሰዓት የሚል ውል በብዛት የምታዩት ለዚህ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ግን አውቃችሁ ፈርሙ። ሁለተኛው የሌሊት ሥራ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ 50 በመቶ ጭማሪ አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የሰፈር ሱቅ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ሠራተኛ ስለሌለው ሌሊቱም በቀኑ ዋጋ ይሄዳል። እንቅልፋችሁን በቀን ዋጋ አትሽጡ።

እኔ ትምህርትና ሥራን ያስማማሁት በጥንካሬ ሳይሆን በፕሮግራም ነው። ኮሪያ ውስጥ ኮርስ የሚያዘው ኦንላይን በሰከንድ ፉክክር ነው፤ ያን ቀን ኢንተርኔቱ ፈጣን የሆነ ቦታ ተቀምጣችሁ ክፍሎቻችሁን በሦስት ቀን ለመሰብሰብ ሞክሩ። ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሁድ ግፉት። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት (በፈረንጆች) ያለውና የሐምሌና ነሐሴው ዕረፍት ዋናው የገቢ ወቅት ነው፤ ያኔ ሙሉ ቀን ሠርታችሁ አስቀምጡ፣ ሴሚስተሩ ሲከፈት በሳምንት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ሚድተርም አለ፤ ፈረቃ የሚቀያየራችሁ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ። ቀሪ የሚያበዛ ተማሪ የፈተና ውጤቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ኮርሱን ይወድቃል። የቡድን ሥራውም አለ። ልጆቹ ካካኦ ቶክ በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ማታ እንገናኝ ይላሉ፣ እናንተ ፈረቃ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ ስማችሁ ከስላይዱ ላይ ይወጣል፣ ማንም አይቆጣላችሁም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «በእነዚህ ቀናት እሠራለሁ፣ ስላይዱን እኔ ላዘጋጅ» ብሎ ድርሻን መውሰድ ይጠቅማል።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ በውጤቱ መሠረት ክፍያ ይቀንሳሉ፤ 30 በመቶ፣ 50 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ክፍያችሁ 4,500,000 ዎን ቢሆንና ግማሹ ቢቀነስላችሁ 2,250,000 ነው። ይህን ገንዘብ ሱቅ ቆማችሁ ለማግኘት 218 ሰዓት ያስፈልጋል። ለተጨማሪ ፈረቃ ብሎ ውጤቱን የጣለ ተማሪ በአንድ እጁ ያገኘውን በሌላው መልሶ ከፍሏል፣ ከፍ ብሎም ከፍሏል። ውጤት ሲወርድ የሥራ ፈቃዱም አብሮ ይከለከላል። የማስተርስ ተማሪ ከሆናችሁ ከፈረቃ በፊት ፕሮፌሰራችሁን የምርምር ረዳትነት ክፍያ እንዳለ ጠይቁ፤ ሰዓቱም ሲቪውም የእናንተ ይሆናል።

ቤተሰብ ጋ ያለውን ነገር እናውቀዋለን። ልጁ ውጭ ከወጣ በወሩ «እህትህን አስብ» ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ምንም መላክ እንደማትችሉ ከቦሌ ሳትነሱ ተናገሩ። ያስከፋል፣ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚያስከፋው።

ደሞዝ ከተከለከላችሁ የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ የውላችሁን ፎቶና የባንክ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ 1350 ደውሉ፣ የሠራተኛ ሚኒስቴር መስመር ነው። የቪዛ ጥያቄ 1345 ላይ ነው። ደሞዛችሁ በባንክ እንጂ በእጅ እንዳይሆን፣ 3.3 በመቶ ታክስ እየተቆረጠባችሁ ከሆነም በየግንቦቱ (በፈረንጆች) አሳውቃችሁ የሚመለስ ካለ ተቀበሉ።

ለመምጣት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ፣ ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር ወጪ በእጃችሁ ሳይኖር አትነሡ፤ የቀረውንም ጊዜ ቶፒክ አጥኑበት። እዚሁ ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን የኪራይና የክፍያ ሁኔታ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ለሚመጡት ይጠቅማል።