አየርም እንደ ጎተራ ይቆጠራል
ከማቀዝቀዣና ከማሳ የሚያመልጡ ጋዞች የኦዞንን ንጣፍ ይጎዳሉ

በሐዋሳ ከተማ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ ለጥገና ተከፍቶ በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ቢለቀቅ ለጥቂት ሴኮንዶች «እሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋዙ ቀለም ስለሌለው ባለሙያውም ባለንብረቱም ከቁም ነገር ላይቆጥሩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጋዙ የቀድሞው ሲኤፍሲ 12 ከሆነ በአየር ውስጥ በአማካይ መቶ ዓመት ገደማ ይቆያል።

ይኸው ጋዝ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቶ የኦዞንን ንጣፍ ያሳሳል። ኦዞን ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚያጣራ የምድር ጥላ ነው። ጥላው ሲሳሳ የዓይን ሞራና የቆዳ ካንሰር ይበዛል፤ የአንዳንድ አዝርዕት እድገትም ይጓደላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በማሳው ላይ የሚውለውን ገበሬ ጉዳዩ በቅርብ ይመለከተዋል።

የገበሬ ማኅበር የእህል ክምችቱን ቆጥሮ ጉድለቱን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ አየርም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ከከተማና ከፋብሪካ በራቁ ሥፍራዎች፣ በአየርላንድ፣ በባርቤዶስ፣ በሳሞአና በታዝማኒያ ጣቢያዎች ተቋቁመው አየሩን ያለማቋረጥ ይመረምራሉ። ከምድር አጠገብ የሚገኘው ውጤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኦዞን ንጣፍ የሚደርሰውን መጠን አስቀድሞ ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተማ መንግሥታት እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ስምምነቱን ተቀብላለች። ቆጠራው ስምምነቱ ፍሬ ማፍራቱን መስክሯል። ለማቀዝቀዣ ግድግዳ አረፋ መሥሪያ ይውል የነበረው ሲኤፍሲ 11 እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ቅንጣት 268 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ወደ 220 አካባቢ ወርዷል።

ቆጠራው ማታለልንም አጋልጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች የሲኤፍሲ 11 መጠን በሚጠበቀው ፍጥነት አለመቀነሱን ይፋ አደረጉ። በኮሪያና በጃፓን ጣቢያዎች የተገኘው ልኬት ከጭማሪው ጉልህ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና መምጣቱን አመለከተ። ከዚያ በኋላ ልቀቱ በፍጥነት ቀነሰ። ቆጣሪ ባይኖር ኖሮ ጉድለቱ ባልታወቀ ነበር።

ሆኖም በሞንትሪያሉ ስምምነት ቁጥጥር ያልተደረገበት አንድ ጋዝ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፤ ይኸውም ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ዛሬ ከሰው ሥራ ከሚወጡት ኦዞን ጎጂ ጋዞች በጉዳት ቀዳሚው እርሱ ሲሆን፣ ዋናው ምንጩም እርሻ ነው። ዩሪያ ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ሲበተን፣ በተለይም ውሃ በቋጠረ ማሳ ላይ ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ከፊሉን ወደዚህ ጋዝ ይለውጡታል። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን ሳይጠቅም በንኖ ይጠፋል ማለት ነው።

በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች ሁለት ነገሮችን ሊያስቡ ይገባል። አንደኛ፣ የማኅበሩ የወተት ወይም የክትባት ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ጋዙን በሲሊንደር ለሚሰበስብ ባለሙያ መስጠት እንጂ ለቆራሌው እንዲሁ አለመሸጥ ነው። ሁለተኛ፣ አባላት ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ከፋፍለው በሰብሉ ዕድገት ወቅት እንዲጨምሩ፣ በአፈር እንዲያለብሱት፣ ውሃ የሚተኛበትን ማሳ እንዲያጠነፍፉ፣ ኮምፖስትና እንደ ቦሎቄ ያለ ጥራጥሬ እንዲያፈራርቁ ማበረታታት ነው። መጠኑን በየአካባቢው የሚገኘው የልማት ሠራተኛ ያማክራል።

ስምምነቱ እንደተከበረ ከቀጠለ በዋልታዎቹ መካከል ባለው የዓለም ክፍል የኦዞን ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ2040 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ይጠበቃል። ዛሬ ከአዲስ ከተማ ጥገና ቤትም ሆነ ከሲዳማ ማሳ የሚያመልጠው ጋዝ ግን ከዚያ በኋላም በሩቅ ጣቢያዎች መለኪያ ላይ ይቆጠራል።