የትኛው ተመስጦ፣ ለየትኛው ሐሳብ?



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ቢሮዬ ድረስ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋባቸው ተማሪዎች «ተመስጦ ብለማመድ አዲስ ሐሳብ ይመጣልኝ ይሆን?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሁለት ያልተፍታቱ ቃላት አዝሏል፤ አንደኛው «ተመስጦ»፣ ሌላው «ሐሳብ» ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። የሥነ ልቡና ሊቁ ጊልፎርድ ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ለይተው አሳይተዋል። የመጀመሪያውን «ዘርጊ» ልበለው፤ ከአንድ መነሻ ብዙ አማራጭ ያወጣል። ቢጫ ጀሪካን ሰጥቼ ምን ምን ሊሠራ እንደሚችል ብጠይቃችሁ ውኃ መቅጃ፣ መቀመጫ፣ ችግኝ ማፍያ፣ ከበሮ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ትክክለኛ የሚባል አንድ መልስ የለም። ሁለተኛው «ሰብሳቢ» ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ሜድኒክ ባቀረቡት ፈተና ሦስት ቃላት ይሰጡና ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ ቃል ይፈለጋል። በእኛ ቋንቋ «ምግብ፣ መጻሕፍት፣ እስር» ብል መልሱ «ቤት» ነው። ሁለቱም የፈጠራ ሥራ ይፈልጋቸዋል፤ የአእምሮ አካሄዳቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ተመስጦም እንዲሁ ቢያንስ በሁለት ይከፈላል። በትኩረት ተመስጦ ሰው ልቡናውን በአንድ ነገር፣ ብዙ ጊዜ በእስትንፋሱ ላይ ያሳርፋል፤ ሐሳቡ በሸሸ ቁጥር ይመልሰዋል። በክፍት ምልከታ ደግሞ የሚመረጥ ነገር የለም፤ ድምፅ ቢሰማ፣ ትዝታ ቢመጣ፣ ጉልበት ቢያም፣ ሁሉንም አስተውሎ ማሳለፍ ነው።

እነዚህን ሁለት ጥንዶች ያገናኘው በሆላንድ ላይደን ዩኒቨርሲቲ በሎሬንዛ ኮልዛቶ፣ በበርንሃርድ ሆምልና በባልደረባቸው ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። የተመስጦ ልምድ ያላቸው 19 ሰዎች በተለያዩ ቀናት አንድ ጊዜ የትኩረት ተመስጦ፣ አንድ ጊዜ ክፍት ምልከታ አደረጉ፤ ለማነጻጸሪያም አንድ ጊዜ የቤት ውስጥ ተግባራትን በምናባቸው ሣሉ። ከዚያም በሁለቱም ዓይነት ፈተናዎች ተፈተኑ። ከክፍት ምልከታ በኋላ የዘርጊው አስተሳሰብ ውጤት ተሻሻለ፤ መልሶቹ በዙ፣ ዓይነታቸው ሰፋ፣ እንግዳነታቸውም ጨመረ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ያልተሳካው ግማሽ ነው። ተመራማሪዎቹ የትኩረት ተመስጦ ሰብሳቢውን አስተሳሰብ ያጎለብታል ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልሆነም። ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ትኩረት አእምሮን ቢያጠብም፣ ተመስጦ ራሱ ሰውን ያዝናናል፣ ስሜቱንም ያነሣሣል፤ ደስታ ደግሞ አእምሮን ያላላል። በአንድ እጅ የተጠበቀው በሌላው ይለቀቃል ማለት ነው። የሁለቱም ተመስጦዎች ተሳታፊዎች ስሜት ተሻሽሎ ስለነበር፣ የክፍት ምልከታን ብልጫ በደስታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ልዩነቱ ከአካሄዱ ሊመጣ ይገባል፤ ማንኛውንም ሐሳብ ሳያባርሩ መቀበልን የተለማመደ አእምሮ ወደ ፈተናው ሲገባ ያንኑ ልማድ ይዞ ይገባል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ጀማሪዎችን ጨምሮ በ40 ሰዎች ላይ በወጣው ሥራም የክፍት ምልከታ ጥቅም ዳግም ታይቷል። ያም ሆኖ 19ም ሆነ 40 ትንሽ ቁጥር ነው። የተለካውም ከተመስጦው በኋላ ወዲያው የተሠራ አጭር ፈተና እንጂ የዓመታት የጥናት ሥራ አይደለም። ይህን ሳይናገሩ ተመስጦን ለፈጠራ መድኃኒት አድርገው የሚሸጡትን አላምናቸውም።

በቅኔ ቤት ያለፋችሁ፣ ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር መሄዱን ታውቃላችሁ። ይህን ተመስጦ ብዬ አልሰይመውም፤ ዓላማውና ሥርዓቱ ሌላ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አካሄዶች በአንድ ሥራ ውስጥ ሲፈራረቁ እዚያ ይታያል፦ ምስጢሩን ሲፈልግ ይዘረጋል፤ በቤቱ ልክ፣ በሰምና በወርቁ ሲያሥረው ይሰበስባል። በመጨረሻም መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግርና ይታረማል።

እኔም የዶክትሬት ጽሑፌን ስጽፍ ለወራት በየማለዳው እስትንፋሴን እቆጥር ነበር፤ የጎደለኝ ግን ትኩረት ሳይሆን አማራጭ ነበር። ስለዚህ ርእስ ለጠፋበት ተማሪ ዛሬ የምመልሰው፣ ክፍት ምልከታን ሞክር፣ እንደ ተነሣህም ሳትመርጥ ጻፍ ነው። ሦስት ርእስ ይዞ መምረጥ ላቃተው ግን ተመስጦ አላዝለትም፤ ቤተ መጻሕፍት እልከዋለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።