የጎማ ዕድሜ በጥርሱ አይታወቅም

ፈረስ የሚገዛ የአዊ ገበሬ መጀመሪያ የሚያየው የፈረሱን አፍ ነው። ሻጩ «ገና ጎረምሳ ነው» ብሎ ቢምልለትም፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። የወተት ጥርስ መቼ እንደሚወልቅ፣ ቋሚውም ጥርስ እንዴት እንደሚበላ ከአባቱ ተምሯልና በቀላሉ አይታለልም። ይኸው ሰው ለባጃጁ ወይም ለሚኒባሱ ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ግን ጥርሱን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ይከፍላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜን ይናገራል። የጎማ ጥርስ የሚናገረው ግን ጎማው ምን ያህል እንደተበላ ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት እንደኖረ አይናገርም።

እኛ ከዩኒቨርስቲ ወደ ቆሰበር ለማስተማር የዘመትን ተማሪዎች ይህን ትምህርት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆሰበር የመንገድ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በመካከሉ ያልፋል። ወደ ቻግኒ የሚወስደውም መንገድ ከዚሁ ይገነጠላል። ስለዚህ የጎማ ነገር የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪውም፣ በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛም ጉዳይ ነው።

ጎማ ለምን ያረጃል?

ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም። በውስጡ ክርና የብረት ሽቦ አለው። ሸክሙን የሚችሉት በተለይ እነዚህ ናቸው፤ ላስቲኩ አቅፎ ይይዛቸዋል። ላስቲክ ደግሞ በፀሐይ፣ በሙቀትና በአየር ምክንያት ቀስ በቀስ ይደርቃል። ቅቤ ያልነካው ጠፍር ደርቆ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው። ሲደርቅ ሽቦውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። አንድ ቀን፣ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ፣ የላይኛው ላስቲክ ከሽቦው ይላቀቃል ወይም ጎማው ይፈነዳል።

ይህ እርጅና ጎማው ሥራ ቢፈታም አይቆምም። ብዙ ዓመት ተንጠልጥሎ የኖረ ስኮርታ ጥርሱ እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን አርጅቷል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ጎማ ደግሞ ይብሳል። መሬቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ላስቲኩ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል። በውድድር ላይ እየጋለ፣ መልሶ እየቀዘቀዘ ሲደጋገምበት ግን ይጠጥራል፤ ጥርሱ ሳያልቅ መያዙን ይተዋል። እንዲህ ያለው ጎማ በርካሽ ቢገኝም ለሕዝብ መንገድ አይሆንም።

የተወለደበትን ቀን ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። «ዲ ኦ ቲ» ተብለው ይነበባሉ። የመጀመሪያዋ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ሆዷ የወጣ ናት። ሁለተኛዋ እንደ ዓይኑ «ዐ» ክብ ናት። ሦስተኛዋ ራስ የሌላት «ተ» ትመስላለች። ከእነሱ ቀጥሎ ሌሎች ፊደላትና ቁጥሮች ይመጣሉ፤ እኛ የምንፈልገው የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ 2319 ቢሆን ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ስለሆነ ከዓመቱ 8 እንቀንሳለን፤ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩም የግንቦት መጨረሻ ነው። ቁጥሩ 4014 ቢሆንስ? ሳምንቱ 37ን አልፏልና አዲሱ ዓመታችን ገብቷል። ስለዚህ ከ2014 የምንቀንሰው 7 ነው፤ መስከረም 2007 ዓ.ም. እናገኛለን።

ቁጥሩ አራት ሳይሆን ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው የተሠራው እንደ አውሮፓውያን ከ2000 በፊት ነው። እንዲህ ያለውን ጎማ መንገድ ላይ ማውጣት አይገባም። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል በውጭ በኩል ካጣነው በውስጥ በኩል እንፈልገው። ተፍቆ የጠፋ ከሆነ ግን ሻጩን «ለምን ተፋቀ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በብዙ የብስክሌት ጎማ ላይ ይህ ቁጥር አይገኝም፤ እዚያ የሚያገለግሉት ዓይንና እጅ ናቸው።

አንዳንድ ትላልቅ የጎማ ፋብሪካዎች ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲጣል ይመክራሉ። 10 ዓመት መጨረሻው ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። በፀሐይና በከባድ ጭነት የዋለ ከዚያ በፊት ያረጃል።

በዓይንና በእጅ መመርመር

1ኛ. ጥርሱን እንለካ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አልቋል ማለት ነው። በክረምት ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ይህ ቦይ ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢረገጥም አይቆምም።

2ኛ. ጎኑን አጠፍ እያደረግን እንይ። እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደርቋል።

3ኛ. በመዳፍ እንዳብሰው። እባጭ ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። እባጭ አይጠገንም።

4ኛ. ውስጡን እናስከፍት። ጎሚስታው ከቸርኬው ሲያወጣው ብዙ ጥገና፣ የወጣ ሽቦ ወይም የዛገ ቦታ ሊታይ ይችላል።

5ኛ. በጥቁር ቀለም የሚያብረቀርቅ ጎማ አያታልለን። ያለቀ ጥርስንም በስለት እየቀረጹ አዲስ የሚያስመስሉ አሉ። ቦዩ ጠማማ ከሆነ፣ የተናገርናቸውም ጉብታዎች ከጠፉ እንጠርጥር።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?»

አንዳንድ ሾፌር፣ «ኧረ እናንተ ልጆች! የአዲስ ጎማ ዋጋ መቼ አወቃችሁና!» ይለናል። እውነቱን ነው፤ አዲስ ጎማ ውድ ነው። እኛም ያገለገለ ጎማ ፈጽሞ አይገዛ አላልንም። ሳይነበብ አይገዛ ነው የምንለው። የባጃጅ የፊት ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከፈነዳ ተተኪ የለውም። ከቆሰበር ብርድ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪናም ጎማው በአየሩ ሙቀት፣ በጭነቱና በፍሬኑ ግለት ይፈተናል። ያረጀው የሚከዳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ነፋሱም ቢሆን ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት መለካት አለበት። የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ እንዲገኝ ያደርጋል።

ያረጀ ጎማ ዋጋ ቢስ አይደለም። ጥሩ በረባሶ ይወጣዋል። በረባሶ ቢበጠስ ሰው በባዶ እግሩ ቤቱ ይገባል። በመኪና ላይ ቢበጠስ ግን ቤቱ የማይገባ ሰው ይኖራል። አራት ቁጥር ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ማንበብ የተማረ ሁሉ ይችለዋል። ሾፌሩ ባያነብ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ያንብብ።

ጥያቄዎች

1. የፈረስ ጥርስና የጎማ ጥርስ የሚነግሩን ነገር በምን ይለያያል?
2. በጎማ ላይ 1016 የሚል ቁጥር ቢገኝ በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓ.ም. ተሠራ?
3. ተሰቅሎ የኖረ ስኮርታ ለምን ያረጃል?
4. በአካባቢያችሁ ያለ የአንድ መኪና ወይም ባጃጅ ጎማ ቁጥር አንብባችሁ ለባለቤቱ ዕድሜውን ንገሩት።